ለዓይን ሥጋ፣ ለምላስ ተምር



ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ ሰላት በኋላ ዶርም ውስጥ ተሰብስበን ሳለ አንድ ጓደኛችን በስልኩ አጭር ቪዲዮ አሳየን። ሳህን ላይ ናቾስ ተደርድሯል። ናቾስ ተቆራርጦ በተጠበሰ የበቆሎ ቂጣ ላይ የተፈጨ ሥጋ፣ ቺዝና ቃሪያ ያለበት ማባያ የሚደረግበት የሜክሲኮ ምግብ ነው። ቺዙ እያየነው ቀስ እያለ መቅለጥ ጀመረ። ሁላችንም የራበን ሰዓት ስለነበር ምራቃችንን ዋጥን። ከዚያ አብሳዩ ምስጢሩን ተናገረ፦ ቂጣው በስኳር የተለበጠ ነው፤ «ሥጋው» ቸኮሌት ነው፤ «ቺዙ» ደግሞ በረዶ ሆኖ የተፈቀፈቀ ማንጎ ነው። ለካስ የምናየው ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ወዲያው ሦስት ጥያቄዎች ተነሡ። አንዱ «እንዴት አድርገው ነው የሚሠሩት?» አለ። ሌላው «ቆይ፣ እንዲህ ያለው ነገር ሐላል ነው?» ሲል ጠየቀ። ሦስተኛው ደግሞ «ሰውን ማታለል አይሆንም ወይ?» አለ። ያን ዕለት ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ የሰጠ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምሽት ዕዳ ነው።

ኩሽና የገባው ሳይንስ

ቪዲዮው ላይ ያለው ናቾስ በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ በነበረው ሞቶ በተባለ ምግብ ቤት ይቀርብ የነበረ ነው። ሆማሮ ካንቱና የጣፋጭ ክፍሉን ይመራ የነበረው ቤን ሮች እንዲህ ባሉ ምግቦች ይታወቁ ነበር። ሥራቸው «ሞለኪዩላር ጋስትሮኖሚ» ከሚባለው የጥናት ዘርፍ ብዙ የተማረ ነው። ይህን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ኒኮላስ ኩርቲና ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤርቬ ቲስ ናቸው። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ምግብ ሲበስል፣ ሲረጋ፣ ሲቀልጥ ወይም አረፋ ሲሆን ውስጡ ምን ይካሄዳል?

ሳይንቲስቶቹ የጠየቁትን አብሳዮች ለፈጠራ ተጠቀሙበት። በስፔን ኤል ቡሊ በተባለው ምግብ ቤት ፌራን አድሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 የሜሎን ጭማቂን የዓሣ እንቁላል አስመስሎ አቀረበ። በእንግሊዝ ሄስተን ብሉመንታል የቁርስ እንቁላል የሚመስል አይስክሬም ሠራ። የዚህኛው አይስክሬም ጣዕም ግን ከአሳማ ሥጋ የተወሰደ ነው። ስለዚህ «ጣፋጭ ብቻ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ማስመሰል የቆየ ጥበብ ነው

ምግብን ሌላ ምግብ ማስመሰል የአውሮፓና የአሜሪካ ምግብ ቤቶች ግኝት አይደለም። ፋርሳዊው ተጓዥ ናሲር ኹስረው በ440 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1049) በረመዷን ማብቂያ ካይሮ በሚገኘው የፋጢሚዮች ቤተ መንግሥት የተዘጋጀውን ግብዣ አይቶ ጽፏል። ከማዕዱ መካከል ቅርንጫፉም፣ ቅጠሉም፣ ፍሬውም በሙሉ ከስኳር የተሠራ የብርቱካን ዛፍ ነበር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ በኢብን ሰያር አል-ወራቅ የተዘጋጀው «ኪታብ አጥ-ጠቢኽ» የተባለው የምግብ መጽሐፍ ደግሞ «ሙዘወራት» ለሚባሉ ምግቦች ቦታ ሰጥቷል። ትርጉሙ «አስመሳዮች» እንደማለት ነው፤ ሥጋ ሳይገባባቸው የሥጋ ወጥ ተመስለው ለታማሚዎችና ለጾመኛ ክርስቲያኖች የሚሠሩ ነበሩ።

እኛስ አገር? የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በጾም የሚሠሩትን የሽምብራ ዓሣ አስቡት። የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ ወጥ ውስጥ ይገባል። ማንም ዓሣ ነው ብሎ አይሳሳትም፤ ነገር ግን ቅርጹ ገበታውን ያደምቀዋል።

ዓይን ቀድሞ ይቀምሳል

ማስመሰል የሚያስደስተው ለምንድን ነው? ጣዕም የምላስ ሥራ ብቻ ስላልሆነ ነው። አእምሯችን ምግቡ አፍ ከመድረሱ በፊት በመልኩ፣ በሽታውና በስሙ ተመርቶ ምን እንደሚመጣ ይገምታል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲው ማርቲን ዮማንስና ባልደረቦቹ ጭስ ከጠጣ ሳልሞን ዓሣ የተሠራ ቀዝቃዛ ምግብ ለሰዎች አቀረቡ። ለአንዳንዶቹ «አይስክሬም ነው»፣ ለሌሎቹ «የቀዘቀዘ የዓሣ ምግብ ነው» ተባለ። ምግቡ አንድ ነው። «አይስክሬም» የተባሉት ግን ጠሉት፤ ይበልጥ ጨው እንደበዛበትም ተናገሩ። ጣፋጭ ጠብቀው ጨው ስላገኙ ደነገጡ።

ከዚህ ለእኛ የሚጠቅም ትምህርት አለ። እንግዳው የጨው ምግብ ጠብቆ ጣፋጭ ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ይስቃል። ግምቱና ያገኘው እጅግ ከተራራቁ ግን ይተፋል። ስለዚህ የጨዋታው ልክ ይኼ ነው፦ መልኩ ያሳስት፣ ጣዕሙ ግን የታወቀና የሚወደድ ይሁን። ማንጎ፣ ተምር፣ ወተት፣ ቸኮሌት ለዚህ ይመቻሉ።

ሦስቱ መሣሪያዎች

የመጀመሪያው ማርጊያ ነው። ፈሳሽን አርግቶ እንደ እንቁላል፣ እንደ ቺዝ ወይም እንደ ሥጋ የሚቆረጥ ያደርገዋል። በብዛት የሚታወቀው ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ወደ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ አፍ ውስጥ ይሟሟል። ሁለተኛው ማርጊያ አጋር-አጋር ነው። ስሙ ከማላይ ቋንቋ የመጣ ስለሆነ ከእኛ «አጋር» ጋር አይገናኝም። የሚሠራው ከቀይ የባሕር አልጌ ነው። ለመሟሟት መፍላት አለበት፤ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሲደርስ ይረጋል፤ አንዴ ከረጋ ግን እስከ 85 ዲግሪ ገደማ አይቀልጥም። ስለዚህ ሞቅ ብሎ ሊቀርብ ይችላል። ጥሬ ፓፓያና አናናስ ጄላቲንን አያረጉም፤ ውስጣቸው ያለው ኢንዛይም ፕሮቲኑን ይቆራርጠዋል። አጋር ፕሮቲን ስላልሆነ ይህ ችግር የለበትም።

የባዮሎጂ ተማሪዎች «አጋርማ ላብ ውስጥ አለን!» ማለታችሁ አይቀርም። እውነትም አጋር ወደ ላብ የገባው ከኩሽና ነው። በሮበርት ኮክ ቤተ ሙከራ የሚሠራው የዋልተር ሄሰ ባለቤት ፋኒ ሄሰ ለጄሊ መሥሪያ የምታውቀውን አጋር ለባክቴሪያ ማሳደጊያ እንዲጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ1881 ሐሳብ ሰጠች። ሆኖም የላብ አጋር ለምግብ የተዘጋጀ አይደለም፤ ሌሎች ንጥረ ነገሮችም ሊጨመሩበት ይችላሉ። ከላብ ወደ ሳህን እንዳታሻግሩት።

ሁለተኛው መሣሪያ ቀጭን ሽፋን ነው። የፌራን አድሪያ የሜሎን «የዓሣ እንቁላል» የተሠራው በዚህ ነው። ሶዲየም አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚወጣ ሲሆን ሞለኪዩሎቹ ረጃጅም ክሮች ናቸው። ሶዲየም አንድ ቻርጅ ብቻ ስላለው ሁለት ክሮችን አንድ ላይ ማሰር አይችልም። ካልሲየም ግን ሁለት ቻርጅ ስላለው በአንድ ጊዜ ሁለት ክሮችን ይይዛል። አልጂኔት ያለበት ጭማቂ ካልሲየም ያለበት ውሃ ውስጥ ጠብ ሲል የጠብታው ቆዳ ወዲያው ይረጋል፤ ውስጡ ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል። ሲነከስ ይፈነዳል። ጎምዛዛ ጭማቂ አልጂኔትን ስለሚያስቸግረው ያን ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፦ ካልሲየሙ ጭማቂው ውስጥ፣ አልጂኔቱ ውሃው ውስጥ ይደረጋል።

ሦስተኛው ቅዝቃዜ ነው። ሞቶ ምግብ ቤት ማንጎውን ቺዝ ያስመሰለው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ በመፈቅፈቅ ነው። በረዶው ቀስ እያለ ሲሟሟ ቺዝ የቀለጠ ይመስላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአገራችን ፈሳሽ ናይትሮጅን ለከብት ማዳቀያ የሚውል ዘር ለማቆየት ያገለግላል፤ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ዕቃውን ታውቁታላችሁ። ያ ዕቃ ለምግብ አይሆንም። ናይትሮጅኑም ሳይተን ከተዋጠ ሆድ ውስጥ በፍጥነት ጋዝ ሆኖ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አንዲት ወጣት እሱ ያለበት መጠጥ ጠጥታ ጨጓራዋ በቀዶ ሕክምና እስከመውጣት ደርሷል። ለእኛ ተራ ፍሪዘርና መፈቅፈቂያ ይበቃናል። የተፈጨ ማንጎ አንድ ሌሊት በረዶ አድርጋችሁ ብትፈቀፍቁት ቺዝ ይመስላል።

ሐላልነቱስ?

ሦስቱን መሣሪያዎች ካወቅን ሁለተኛው ጥያቄ ይቀላል። ጥያቄው ያለው ቅርጹ ላይ አይደለም፤ ሥጋ የሚመስል ተምር ያው ተምር ነው። ጥያቄው ያለው ቅርጹን ያስያዘው ነገር ላይ ነው።

አጋርና አልጂኔት ከባሕር ዕፅዋት፣ ፔክቲን ከፍራፍሬ፣ ስታርች ከእህል ነው። ጄላቲን ግን ከአሳማ፣ በሸሪዓ ካልታረደ ከብት፣ በሸሪዓ ከታረደ ከብት ወይም ከዓሣ ሊሆን ይችላል። በእስልምና ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ባደረገው ጉባኤ ከአሳማ የተወሰደን ጄላቲን ለምግብ መጠቀም ለሙስሊም እንደማይፈቀድ፣ ከዕፅዋትና በሸሪዓ ከታረዱ እንስሳት የሚገኘውም ከዚያ እንደሚያብቃቃ ገልጿል። አንድ ነገር ባሕርይው ሙሉ በሙሉ ከተለወጠ (ኢስቲሓላ) ብይኑም ይለወጣል የሚሉ ዑለማዎች መኖራቸው ይታወቃል። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። እኔ ማለት የምችለው ይህን ነው፦ ጄላቲን የሚሠራውን ሥራ ያወቀ ሰው በሌላ ሊተካው ይችላል። ክርክሩ ውስጥ መግባት ሳያስፈልገው ሳህኑን ንጹሕ ያደርጋል።

ዕቃ ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። ኢ401 ሶዲየም አልጂኔት፣ ኢ406 አጋር፣ ኢ440 ፔክቲን ነው፤ ኢ441 ደግሞ ቀድሞ የጄላቲን ቁጥር ነበር። ኢ120 ከነፍሳት የሚወጣ ቀይ ቀለም ነው። የቫኒላ ፈሳሽም ብዙ ጊዜ በአልኮል የሚዘጋጅ ስለሆነ የዱቄቱን ዓይነት መምረጥ ይቻላል። የብሉመንታልን አይስክሬምም በዚሁ ዓይን ተመልከቱት፤ ሐሳቡን ወስደን አሳማውን መተው የሚከለክለን የለም።

እንሥራው፦ ጣፋጭ «እንቁላል ጥብስ» ለአራት ሰው

ዶርም ውስጥ ምድጃ አትለኩሱ። ለዕረፍት ቤት ስትሄዱ ወይም የጀመዓው ምግብ በሚዘጋጅበት ቦታ ሞክሩት።

«አስኳሉ»፦ 1 ግራም የአጋር ዱቄት በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ 2 ደቂቃ አፍሉት። ከእሳት አውጥታችሁ 100 ሚሊ ሊትር የተፈጨ ማንጎ ቀላቅሉበት። ማንጎው ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ከሆነ አጋሩ ሳይዋሃድ ይጓጉላል። ድብልቁን በአራት የቡና ሲኒዎች እስከ ግማሽ ቅዱና አርጉት። የሲኒው ታች ክብ ስለሆነ ሲገለበጥ ቁልጭ ያለ አስኳል ይወጣዋል።

«ነጩ»፦ 250 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 2 ግራም አጋር አብራችሁ እያማሰላችሁ 2 ደቂቃ አፍሉ። ጣት የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስና ወፈር ማለት ሲጀምር ጠፍጣፋ ሳህኖች ላይ በማንኪያ አፍስሱት። ጠርዙ ወጣ ገባ ይሁን፤ ልክ ያልሆነ ክብ ይበልጥ እንቁላል ይመስላል። ሲረጋ አስኳሉን መሐል ላይ አስቀምጡ።

ማሳመሪያ፦ መጥበሻ ላይ ቡናማ እስኪሆን የቀለጠ ስኳር በጠርዙ ዙሪያ ብታንጠባጥቡ ዘይት ላይ የተቆላ ጠርዝ ይመስላል። የተፈቀፈቀ ጥቁር ቸኮሌት ቁንዶ በርበሬ ይሆናል። ጎኑ ላይ መጥበሻ ላይ ሞቅ ያለ ቁራጭ ኬክ እንደ ዳቦ ይቀርባል።

አጋር ካላገኛችሁ ነጩን እንደ ሙሀለቢያ በበቆሎ ስታርች ሥሩት። ለ250 ሚሊ ሊትር ወተት 3 የሾርባ ማንኪያ ስታርች በቀዝቃዛ ወተት በጥብጣችሁ፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉ። አስኳሉ ደግሞ ግማሽ የኮክ ቁራጭ ሊሆን ይችላል።

ለኢፍጣር ደግሞ ጣፋጭ «በያይነቱ» ሞክሩ። ከሶማሌ ክልል የመጡ ጓደኞቻችን ቁርስ ላይ በስኳርና በቅቤ የሚበሉት ካንጀሮ ዓይን ያለው ስለሆነ እንጀራውን ይተካል። ፍሬው የወጣለት ተምር በሙቅ ውሃ ለ15 ደቂቃ ነክሮ ጨፍልቆ፣ ጥቂት ካካዎና የተፈጨ ለውዝ ሲቀላቀልበት ምንቸት አብሽ ይመስላል። አቮካዶ በስኳርና በሎሚ ጎመኑ ነው። የተፈጨ ኮኮናት በእርጎ ተለውሶ አይቡ ይሆናል። በዓይን የምሳ ገበታ፣ በምላስ የረመዷን ጣፋጭ ነው።

ቀልዱና አደራው

የቀረው የሦስተኛው ጓደኛችን ጥያቄ ነው፦ ማታለል አይሆንም ወይ?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር፤ ሲቀልዱ ግን ከእውነት አይወጡም ነበር። አንድ ሰው መጓጓዣ ሲጠይቃቸው የግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጡት የነገሩት በሐዲሥ ይታወቃል። ሰውየው ግልገል መስሎት የግመል ልጅ ምን ያደርግልኛል ሲል ግራ ገባው። እሳቸውም ትልቁም ግመል የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሱት። ሰውየው ለቅጽበት ተሳሳተ፤ የተነገረው ግን ሁሉም እውነት ነበር፤ ያጣውም ነገር የለም።

የእኛም ሳህን ሚዛኑ ይኼ ይመስለኛል። ዓይን ለቅጽበት ቢሳሳት ጨዋታ ነው። ሰው የማይበላውን ቢበላ ግን ጨዋታ አይደለም። ዶርም የምንኖረው ተደባልቀን ነው። ጾም ላይ ያለ ኦርቶዶክስ ጓደኛችን «እንቁላል መሳይ ጣፋጭ ነው፣ ብላ» ብትሉት እንቁላል የለውም ብሎ ሊቀምስ ይችላል፤ ነጩ ግን ወተት ነው። «ምንቸት አብሹ» ውስጥ ለውዝ አለ፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው ሥጋ መሳይ ነገር ውስጥ ለውዝ አይጠረጥርም። የስኳር ሕመም ያለበትም የጨው ምግብ መስሎት በድፍረት ይጎርሳል። እኛ ራሳችን የማናውቀው ጄላቲን በሌላው እጅ ቢቀርብልን ምን ይሰማናል? ሌላውም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ያን ምሽት ክፍላችን ውስጥ የተስማማንበትን ልንገራችሁ። ሳህኑ ሲቀርብ ይታያል፣ ይገመታል፣ ይሳቃል። የመጀመሪያው ጉርሻ አፍ ከመግባቱ በፊት ግን የሠራው ሰው ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ይናገራል። ደስታው አይቀንስም፤ እንዲያውም ማንጎ መሆኑን ያወቀ ሰው «እስቲ ይሄ እንዴት እንቁላል መሰለ?» እያለ ይበልጥ ይገረማል። የሚበላው አውቆ፣ የሚተወውም አውቆ ይተወዋል።

ከሳህኑ የሚተርፍ እንዳይኖር መጥናችሁ ሥሩ። ስትሞክሩት ቢስሚላህ ብላችሁ ጀምሩ፤ እኛንም ጋብዙን።

ወሏሁ አዕለም።